የሃብነት ትኬት

በዘጠኝ ዓመቴ ሃያ ሰባት ኪሎ እመዝን ነበር። የልጅነት ኪሎውን ማን ያስታውሳል ትሉኝ ይሆናል። እኔ አልረሳውም፤ የተመዘንኩት ድንችና ከሰል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ነው፣ ያውም በሰው ፊት።

እናቴ አስናቀች ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ፣ አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አባባ ተስፋልደት ከተራራቸው ወርደው መጡና ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «አስናቀች፣ ይቺን ልጅ ልመዝናት ፈልጌ ነበር» አሉ። እናቴ ለምን ብላ አልጠየቀችም። አባባ ተስፋልደት ያሉት ነገር እሺ ነው የሚባለው። ጓዳ ወስደው ሚዛኑ ላይ አቆሙኝ። ሥጋ ቆራጫችን ባንታየሁ ቢላውን እንደያዘ ብቅ ብሎ፣ «አጥንት ብቻ እኮ ነች፤ ለቅቅልም አትሆን» ሲል ጓዳው ሁሉ ሳቀብኝ። አባባ ተስፋልደት አልሳቁም። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አንስተው የክብሪት ቀፎ ጀርባ ላይ «27» ብለው ጻፉ።

«ለድልድዩ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

በደስታ ልሞት! ድልድዩ ማለት ባቡሩ ነው፤ ከመዘኑኝ ደግሞ ሊያሳፍሩኝ ነው።

አባባ ተስፋልደት ከናይሮቢ ወጣ ብላ ካለችው ከሊሙሩ በላይ፣ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ከሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ ደን ውስጥ የራሳቸውን ባቡር ይሠሩ ነበር። ትንሽ ነው ግን መጫወቻ አይደለም፤ ሰው ይጭናል። ሐዲዱ የአንድ ስንዝር ስፋት ነበረው። ብረቱ ፓርክላንድስ ካለው ከጋሽ መኳንንት ጋራዥ የተራረፈ ነው። ከሥሩ የሚነጠፈውን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይነክሩት ስለነበር ያ ደን ግማሹ ጥድ፣ ግማሹ ጋራዥ ይሸት ነበር። ሞተሩ የውኃ ፓምፕ ሞተር ነው። በላዩ ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ጥቁር ሆድ ሠርተውለት፣ ጭስ ማውጫ ተክለውለት፣ እግሮቹን ቀይ ቀብተውለታል። ከኋላው ሰው እንደ በቅሎ የሚቀመጥባቸው ሁለት አግዳሚዎች ይጎተታሉ። ሲጮህ ዛፍ ላይ ያሉ ጉሬዛዎች ሁሉ ይበረግጋሉ።

ደኑ የጋሽ መኳንንት ነው። ሎጅ እሠራበታለሁ ብሎ ገዛው፤ ብርዱንና ጉሙን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠና አባባ ተስፋልደትን ጠባቂ አደረጋቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው በምጽዋ–አስመራ ባቡር መጀመሪያ እሳት አንዳጅ፣ ኋላ ማኪኒስታ፣ ማለትም ባቡር ነጂ፣ ነበሩ። ከዚያ ብዙ ዘመን አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእናቴ አያንስም፤ ሲቆጡና ሲያቆላምጡ ብቻ ነው ትግርኛ የሚመጣባቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲመጣ እሳቸው ወደ ናይሮቢ፣ አንድ ልጃቸው ሃብነት ከአክስቱ ከኣስመረት ጋር ወደ አስመራ ሆነ። ሲለያዩ ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሃብነት የሚባል ትልቅ ልጅ እንዳላቸው፣ በካርቱም አድርጎ ወደኛ እየመጣ እንደሆነና ሁልጊዜ «መንገድ ላይ ነው» እንደሚባል ብቻ ነው።

ሐዲዱ ከአባባ ክፍል ጀርባ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ አቀበቱን ይወጣል። መነሻው ላይ ቆርቆሮ ተሰቅሎ «ምጽዋ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ ጊንዳዕ ነው። ከጊንዳዕ በላይ ድልድዩ፣ ከድልድዩ በላይ ነፋሲት፣ አናቱ ላይ ሸለቆው ወለል ብሎ በሚታይበት «አስመራ»። እኔ ናይሮቢ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አስመራ ማለት ከአባባ ቤት ጀርባ ያለችው ጉብታ ትመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት መምህሬ ካርታ ላይ ቀይ ባሕር አጠገብ ስታሳየኝ፣ «ኖ ቲቸር፣ ሊሙሩ ነው ያለው» ብዬ ተከራክሬያታለሁ።

ከተመዘንኩ በኋላ ባለው እሑድ ስንሄድ ፉርጎው ላይ አንድ ከረጢት ድንች ታስሮ አገኘሁ። ሃያ ሰባት ኪሎ፣ ልክ እኔን የሚያህል ድንች። አባባ ሞተሩን አስነስተው ይዘውት ወጡ። ድልድዩ ላይ እንጨቱ ሲንቋቋ እኔ ከታች ትንፋሼን ዋጥኩ። በሰላም ደርሰው ተመለሱ። ቀጥሎ ሃምሳ አራት ኪሎ ወጣ። ቀጥሎ ሰባ ኪሎ፣ የአንድ ጎልማሳ ልጅ ክብደት። እንዲህ ነው ድንች ከእኔ ቀድሞ አስመራ የገባው።

«አሁንስ እኔ?» አልኩ።

«አንቺ ሁለተኛ ነሽ፣ ጓለይ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «የመጀመሪያው ሰው ሃብነት ነው። ትኬቱ ተቆርጧል።»

እውነትም ተቆርጧል። በራቸው ላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ከማካሮኒ ካርቶን በመቀስ የተቆረጠ ትኬት ተሰክቷል። ጽሕፈታቸው እንደ ማተሚያ ቤት ነው፦ «ቁጥር 1። ሃብነት ተስፋልደት። ከምጽዋ አስመራ። ደርሶ መልስ።»

አኮረፍኩ። አይቼው የማላውቀውን ልጅ ጠላሁት፤ ምን እዋሻለሁ።

ፋሲካ አለፈና ማክሰኞ ሆነ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ምግብ ቤት ነበር የምውለው። ከምሳ በኋላ ደንበኛ ሲሳሳ እናቴ፣ ጋሽ መኳንንትና ጋሽ ሃይለ ጓዳ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ጋሽ ሃይለ የአባባ ተስፋልደት የአገር ልጅ ነው፤ ከካርቱም ስልክ የሚደወለው ወደሱ ነው። በዚያ ቤት በር ሲገረበብ እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ። እናቴ «የዚች ልጅ አፍ ወንፊት ነው» የምትለው በከንቱ አይደለም።

«ከአፋችን እንዳይወጣ» ይላል ጋሽ ሃይለ። «እኔ ይኸው ሦስት ሳምንት ይዤዋለሁ። ፋሲካን በሰላም ይዋል ብዬ ነው።»

«ሃብነት!» አለች እናቴ። «ሃብነትዬ!» ከዚያ ታለቅስ ጀመር፤ አፏን በነጠላ ይዛ።

«እሑድ» አለ ጋሽ መኳንንት። «ማለዳ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ሁላችንም እንድረስ። ማታቱ እኔ እይዛለሁ። ሰው እንዳይቀድመን ብቻ።»

እናንተ ይህን ስትሰሙ ገና ካሁኑ ገብቷችኋል። አገር ቤት ያደገ የስድስት ዓመት ልጅ ጎረቤቶች በሹክሹክታ ሲነጋገሩ፣ በዓል ይለፍ ሲባል፣ ማለዳ ተሰብስበን እንሂድ ሲባል መርዶ መሆኑን ያውቃል። እኔ አላውቅም። አንድ ትልቅ ሰው ሞቶ፣ ዘመድ ሁሉ ሰምቶ፣ የራሱ አባት ብቻ ሳይሰማ ሦስት ሳምንት ሲበላ ሲጠጣ ይከርማል ብዬ በምን አስባለሁ? እኔ በኖርኩበት ናይሮቢ ሰው ተሰብስቦ ማታቱ፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ ይዞ በጨለማ የሚወጣው ለአንድ ነገር ነው፤ ለኤርፖርት። እንግዳ ሲመጣ አውሮፕላኑ ማለዳ ያርፋል። እናቴም ኤርፖርት ላይ አልቅሳ አትጠግብም፤ ለመጣው ታለቅሳለች፣ ለሄደው ታለቅሳለች። ባለፈው ዓመትም የጓደኛዬ የሳምራዊት አክስት ስትመጣ ሰርፕራይዝ ነው ብለው ከሳምራዊት ደብቀው፣ እኔ ነግሬያት ተገርፌያለሁ።

ስለዚህ ደመደምኩ። ሃብነት እሑድ ይመጣል። ለአባባ ደብቀውታል። ከመጣ ደግሞ ትኬት ቁጥር አንድ አለቀለት፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ።

ረቡዕ ባንታየሁ ድንችና ጎመን ሊጭን በፒክአፑ ወደ ሊሙሩ ሲወጣ ለመንኩትና ይዞኝ ሄደ። እኔን አባባ ጋ ጥሎኝ ወደ ገበያው ተመለሰ። ጉም ነበር። አባባ ተስፋልደት «ምጽዋ» ላይ ተንበርክከው የፉርጎውን ጎማ ዘይት ይቀባሉ።

«አባባ» አልኩ፣ «ምስጢር ብነግርዎ ያሳፍሩኛል?»

«ምስጢርሽ ስንት ኪሎ ነው?» አሉ እየሳቁ።

«በጣም ትልቅ። ስለ ሃብነት ነው።»

ሳቁ ቀረ። ዘይት መቀቢያውን አስቀመጡ። እኔ ደግሞ አፌ ከተከፈተ ማን ይመልሰዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሑድ ማለዳ ሁሉም ሰው እንደሚመጣ፣ ጋሽ መኳንንት ማታቱ እንደያዘ፣ ከካርቱም እንደተደወለ፣ እስከዚያ ከአፋቸው እንዳይወጣ እንደተማማሉ።

«ማን ነው የተደወለለት?» አሉ።

«ጋሽ ሃይለ። ሦስት ሳምንት ይዤዋለሁ አለ። ፋሲካን በሰላም እንዲውሉ ብሎ ነው።»

«ፋሲካን።»

«አዎ።»

«እናትሽስ? እናትሽ ምን አለች?»

«አለቀሰች! በጣም አለቀሰች አባባ። ሃብነትዬ እያለች።»

እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። የጠረጉት እጅ ነጽቶ ሳለ ይጠርጋሉ። እኔ ደስታ አፍ አስያዛቸው ብዬ በራሴ ሥራ ኮራሁ።

«ፀሐይ ሳትወጣ ነው ያሉት?» አሉ እንደገና።

«ፀሐይ ሳትወጣ።»

ተነሥተው ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ኮታቸውን ለብሰው፣ በጓዳቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንጂ ሲደረግ አይቼው የማላውቀውን የማኪኒስታ ቆብ አድርገው ነበር። ከሚስማሩ ላይ ትኬቱን ነቀሉና ሰጡኝ።

«ሃብነት ቅር አይለውም?» አልኩ። እንዲያው ለወጉ ነው፤ ትኬቱን ጨብጬዋለሁ።

«ቅር አይለውም፣ ጓለይ። ተሳፈሪ።»

አሁን ሳስበው ያን ሞተር ያስነሱበት ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ገመዱን ሦስት ጊዜ ስበውት በአራተኛው ተነሣ። ጉሙ ውስጥ ገባን። ጥዶቹ በግራና በቀኝ እየመጡ ያልፋሉ፤ ጠል ፊቴ ላይ ይረጫል፤ ከሥሬ ብረቱ ይንቀጠቀጣል። አባባ በየጣቢያው መጥራት ነበረባቸውና «ጊንዳዕ!» አሉ ጮክ ብለው። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። ነፋስ እንዳይወስድባቸው ነው አልኩ። «ነፋሲት» ሲሉ ድምፃቸው አልወጣም፤ ስለዚህ እኔ ጠራሁላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እውነቱ ይህ ነው፤ የሚያመኝም ይኸው ነው።

አስመራ ስንደርስ ሞተሩን አጠፉና ወርደው ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አድርገው ሣር ላይ ተቀመጡ። ሸለቆው ግን በጉም ተሸፍኖ አይታይም።

«ምርቃት» አሉኝ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። «አንቺ በእግርሽ ውረጂ። ባንታየሁ ሳይመጣ አይቀርም።»

«ትኬቱ እኮ ደርሶ መልስ ነው!»

«መልሱ ሌላ ቀን ነው። ስሚ ደግሞ፤ ለእኔ መንገርሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ለእናትሽም ቢሆን። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። ወንፊቱ እኔ፣ ያን አንድ ነገር ያዝኩት። ዛሬ የምናገረው እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ስለሆነ ነው።

እሑድ ከመኝታዬ ስቀሰቀስ ለፋሲካ የተገዛልኝን ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። እናቴ አይታ፣ «አውልቂው፣ ሹራብ ልበሺ» አለች። እንቢ አልኩ። ትታኝ የምትሄድበት ሰው ስላልነበረ እንጂ ይዛኝም ባልሄደች፤ ሰው ሁሉ ማታቱ ውስጥ ነው። ቀሚሴ ሥር ካርድ ደብቄያለሁ። አበባ ሥዬበት በትልቁ «ካሪቡ ሃብነት» ብዬ ጽፌበታለሁ። እንኳን ደህና መጣህ ማለቴ ነው። ሴቶቹ ጥቁር የለበሱት ለብርዱ መሰለኝ። ወደ ኤርፖርት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሊሙሩ ስንታጠፍም ጋሽ ሃይለ ቀድሞ ሄዶ ተቀብሎታል፣ እዚያ ደብቆታል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ሃይለ ግን ከፊቴ ወንበር ላይ ነበር።

ስንደርስ ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው። አባባ ተስፋልደት በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ግቢው ተጠርጓል፤ የጥድ ግንድ እየተጋደመ መቀመጫ ተዘጋጅቷል፤ ትልቅ ድስት ሻይ እሳት ላይ ነው። የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ሃይለ ወደ ፊት ወጥቶ፣ «ተስፋልደት፣ ወንድሜ…» ብሎ ጀመረ።

እጃቸውን አነሡ። «አትድከም ሃይለ። አውቄዋለሁ። በሕልሜ አየሁት።»

ከዚያ ጩኸቱ ቀለጠ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ፤ ጋሽ መኳንንት፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ በሰው እግር መካከል እየተሹለኮለኩ ሃብነትን እፈልጋለሁ። ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ፤ ማታቱ ውስጥ ተመለስኩ፤ ወንበር ሥር ሳይቀር አየሁ። የለም። አውሮፕላኑ አምልጦት ነው አልኩ። ካርዱን ይዤ ከባቡሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ አባባ በሰው ትከሻ መካከል አዩኝ። ሁለት ሰው ደግፏቸው እያለቀሱ፣ ወደኔ ጭንቅላታቸውን ትንሽ ነቀነቁ። ቃልሽን ጠብቂ ማለታቸው ነበር። እኔ ሰላም እያሉኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ።

በሳምንቱ እናቴ ሃብነት መሞቱን ነገረችኝ። የተሳፈረበት መኪና በረሃ ላይ ተገልብጦ ነው። መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ወደኛ ሲመጣ በዚያ እሑድ የሞተ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ ጠልቼው ስለነበረ ደግሞ አብልጬ አለቀስኩ። ግን አንድ መጽናኛ ነበረኝ። ቢያንስ አባባ አራት ቀን ደስ ብሏቸው ነበር እል ነበር። ከረቡዕ እስከ እሑድ ልጄ ሊመጣ ነው ብለው ተደስተዋል፤ ያን ደስታ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በዚህ ሐሳብ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ። ሰዎች በየለቅሶ ቤቱ የአባባ ተስፋልደትን ሕልም ሲያወሩ፣ «የአባት ልብ ያውቃል እኮ!» እያሉ ሲደነቁ፣ እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ከዚያ በ2019 የሳምራዊት እናት አዲስ አበባ አረፉ። እናቴ ደወለችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳሚ አልሰማችም። ነገ ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ኪሊማኒ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ዛሬ ብትደውልልሽ አታንሺ» አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በአስተርጓሚነት ነው የምተዳደረው፤ ሥራዬ ሰው ያለውን ለሰው ማድረስ ነው። መርዶ ሲባል በወሬ አውቃለሁ፤ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ግን ሄጄ አላውቅም። በማለዳው የእናቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ሌሎቹን ስንጠብቅ ከኋላ አንዷ ሴትዮ፣ «ሰው አልቀደመንም አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

ይቺ ቃል ናት። እጄን የመኪናው በር ላይ እንዳደረግሁ ደረቅሁ። ጓዳው፣ የገረበበው በር፣ ፋሲካን በሰላም ይዋል፣ በጨርቅ የሚጠረጉት ጣቶች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

«እማዬ» አልኩ፣ «ለአባባ ተስፋልደት የሄድነው… ሕልም አልነበረም።»

እናቴ መሪውን ይዛ ፊት ለፊት ታያለች።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው። እኔ ነኝ ያረዳኋቸው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«በዚያው ሰሞን አንሶላ ስቀይር ትራስሽ ውስጥ ትኬቱን አገኘሁት። ቁጥር አንዱን። ለልጁ የቆረጠውን ትኬት ተስፋልደት ለሌላ ሰው በምን ምክንያት ይሰጣል? ሄጄ ጠየቅሁት። ለልጅቷ ብትነግሪያት አንቺና እኔ ተቆራረጥን አለኝ።»

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ?»

«እና አንቺን ማን ያርዳሽ?» አለች። «ዛሬ ትንሽ ናት ስል፣ ዛሬ ፈተና አላት ስል፣ ይኸው እስከ ዛሬ።»

ለካ ሁሉም ሰምቶ እኔ ብቻ ያልሰማሁት መርዶ ነበረኝ።

ለሳምራዊት አልቅሰን፣ አስለቅሰን፣ ሠልስቷ ሲያልፍ ወደ ሊሙሩ ወጣሁ። አባባ ተስፋልደት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ክፍላቸው ውስጥ የሉም። ሐዲዱን ተከትዬ ወጣሁ፤ ዝጓል፤ በጥድ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ድልድዩ መሐሉ ወድቆ በጎን በኩል መሻገር ነበረብኝ። አስመራ ላይ፣ ያኔ የተቀመጡበት ቦታ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያን ቀን ሸለቆው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል በምርኩዛቸው ከለከሉኝ።

«እናትሽ ደውላ ነግራኛለች። ተቀመጪ። የምን እግር ነው!»

«አባባ፣ እኔ እኮ ለባቡር ብዬ ነው። እኔ ያን ነገር ሸጥኩልዎት።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሃያ ሰባት ኪሎ። እኔ ራሴ ነኝ የመዘንኩሽ፤ ምን መሸከም እንደምትችዪ አላውቅም?» ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አሁን ልንገርሽ። እነሱ ባሰቡት ቀን ብሰማው ኖሮ ሠላሳ ሰው ይይዘኛል። ተው ይለኛል፣ አይዞህ ይለኛል፣ ቅመስ ይለኛል። መልካም ነው፤ ሰው ያለ ሰው አይሆንም። አንቺ ግን አራት ቀን ሰጠሽኝ። አራት ቀን ከልጄ ጋር፣ ብቻችንን። ሐሙስ ዕለት ፉርጎው ላይ ሰባ ኪሎ ድንች ጫንኩና፣ ሃብነት ተሳፈር፣ አልኩት። እያወራሁት ወጣን፣ እያወራሁት ወረድን። የተቆጣሁትን ተቆጣሁት። ይቅር በለኝ ያልኩትን አልኩት። ሰው ቢያየኝ አበደ ይል ነበር፤ ያየኝ ጉሬዛ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ግቢውን ጠረግሁ። እሑድ ያለቀስኩት ለሰው ነው፤ የእኔን ጨርሼ ነበር።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «ትኬቱንስ? የእሱን ትኬት ወሰድኩበት።»

«አልወሰድሽም፤ ሰጠሁሽ። በዚያን ዕለት አንድ ልጅ ባላሳፍር፣ ያ ባቡር እስከ ዘላለሙ ድንች ሲጭን ይኖር ነበር።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ካርቶኑ ጠርዙ ተበልቷል፤ ጽሕፈቱ ግን አለ። መነጽራቸውን አድርገው እንደ አዲስ አነበቡት።

«ደርሶ መልስ ይላል» አልኳቸው። «መልሱን አልሄድኩም።»

«አሁን ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«እዋይ! ድልድዩ ባይወድቅም አይችልሽም» አሉና ሳቁ፤ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ሳቅ። ከዚያ ትኬቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ልክ እንደ ተቆጣጣሪ ጠርዙን ቀደድ አድርገው መለሱልኝ። ምርኩዛቸውን በአንድ እጃቸው፣ ትከሻዬን በሌላው ይዘው ተነሡ። በሐዲዱ መሐል ቀስ እያልን ቁልቁል ወረድን። የጣቢያው ቆርቆሮ ከሚስማሩ ወድቆ የት እንደገባ አይታይም፤ እሳቸው ግን ቦታውን አልሳቱትም። ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ነፋሲት!» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ወጣ።